በመኮንን ስም የወጣ ፓስፖርት

ፓስፖርቴ አስር ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ስለቀረው ባለፈው ሳምንት የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ወርጄ ፎቶ ተነሳሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የለንደን ብርድ ሲጠና እዚህ ሎስ አንጀለስ እህቴ ሶስና ዘንድ እየመጣሁ ሁለት ሦስት ወር መቆየት ለምጃለሁ። ፎቶ ቤቷ ግማሹ ፎቶ ቤት፣ ግማሹ የበርበሬና የሽሮ መሸጫ ስለሆነች ገና ሲገቡ ያስነጥሳል። ፎቶ አንሺዋ ነጭ መጋረጃ ፊት አቆመችኝና «ጋሼ፣ ስማይል አይቻልም ኦኬ?» አለችኝ። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ። ከዚያ በአሜሪካኖቹ ልክ ጎኑ ሁሉ እኩል አድርጋ ቆረጠችው። «የኔ የእንግሊዝ ነው የኔ ልጅ፣ ቁመቱ ረዘም ይላል» ስላት «ኦ፣ ሶሪ ጋሼ!» ብላ ደግማ ቆረጠች። ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አሮጌውን ፓስፖርት ከፈትኩት። ፎቶው ላይ ጸጉሬ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ከጎኑ ዳንኤል የሚለው ስሜ አለ፤ ቀጥሎ አባቴ ያልሆነ ሰው ስም አለ። አሁን አሁን ወረቀት ስነካ ይደክመኛል።

መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ይቺ መንገድ እንዲህ አልነበረችም። የስልክ ካርድ ገና አልሞተም፤ በየሱቁ መስኮት ተለጥፎ ለኢትዮጵያ ስንት ደቂቃ እንደሚያስወራ ይናገራል። ሲዲ ይሸጥ ነበር። ከአንደኛው ሱቅ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ያው አንድ ዘፈን ይለቀቃል፤ ባለሱቁ ራሱ ሰልችቶት ጥጥ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ይቀመጥ ነበር። ሃያ ዶላር የማይሞላ በየአይነቱ ሁለት ሰው ያጠግባል። ቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር አልፎ ስለነበር ታክሲ ነጂዎቹ የሚያወሩት ስለ እሱ ብቻ ነው። በግንቦት የጃካራንዳው አበባ ይረግፍና ፓርክ የተደረጉት መኪኖች ጣሪያ ላይ ይጣበቃል፤ ባለመኪኖቹ ይራገማሉ፣ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጎረምሶቹ እግር ላይ የሚጣበቅ ሱሪ መልበስ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ኮትና ከረባታቸውን አያወልቁም ነበር፤ አባቴም ከእነሱ አንዱ ነበር። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ወደ ዋናው ነገር መግባት ስለሚከብደኝ ነው። ልግባ።

የወለደኝ አባት ወልደየስ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጽሕፈቱ የታወቀ ስለሆነ ማመልከቻ ሊያስጽፈው ከሌላ ሰፈር ድረስ ሰው ይመጣ ነበር። እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል፤ ላልኖረው ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። አባቴ መኮንን የሚባል አብሮ አደግ ወዳጅ ነበረው፤ ለንደን ሆቴል ቤት የሚሠራ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው። እናቱን ሊቀብር በመጣ ጊዜ አባቴ እቤት ጠራውና «እንደ ልጅህ አድርገህ ውሰድልኝ» አለው። መኮንን ደንግጦ «ስሙስ?» ሲለው «ነፍሱ ትትረፍ እንጂ ስም ምን ይሆናል» ብሎ መለሰለት። የፓስፖርቱን ፎርም የሞላው ራሱ አባቴ ነው። «የአባት ስም» የሚለው ጋ ሲደርስ የብዕሩን ጫፍ በጨርቅ ጠረገና በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ «መኮንን» ብሎ ጻፈ። እናቴ ግን ማየት አልቻለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወደ ጓሮ ወጣች።

መኮንን ደግ ሰው ነበር፤ ቀድሞ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር። እኔም ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሰሐን አጣቢ፣ ኋላ አውቶቡስ ነጂ ሆኜ ኖርኩ። ይዤ የወጣሁት ፓስፖርት ጊዜው አለፈ። ላሳድስ ብል ኤምባሲው የልደት ወረቀት ይጠይቀኛል፤ የልደት ወረቀቴ ደግሞ ወልደየስ ነው የሚለው። አባቴ መጥቶ እንዳይጠይቀኝ፣ ልጁ ስለመሆኔ የሚያሳየው አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለውም። የሥራ ጓደኞቼ «ዜግነት ጠይቅና ተገላገል» ይሉኛል። ፎርሙን ስንት ጊዜ አምጥቼ፣ አባት የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚያች ደሴት ሳልወጣ ኖርኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ ለንደን ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት።

ከእናቴ ሞት በኋላ ሶስና አባባን በግሪን ካርድ ወደ አሜሪካ አመጣችው። እሷ ሆሊውድ ውስጥ ሆቴል ትሠራለች፤ ጴንጤ ስለሆነች ስልክ አንስታ ጌታን ሳትጠራ አትዘጋም። «ዳኒ፣ አባባ ገብቷል፤ ጌታ ይመስገን። ግን ዶክተሩ ልቡ በጣም ደክሟል ነው የሚለው። ሶ፣ ዛሬ ነገ አትበል። አፕላይ አድርግና ወረቀትህን ጨርሰህ ና» አለችኝ። በማግስቱ ወረቀት የምታማክር አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄድኩ። ግማሹን እውነት ነገርኳት፤ ያሳደገኝ ሰው ስም ነው፣ የወለደኝ ሌላ ነው አልኳት። እሷም ነገሩን ቀላል አድርጋ «ከማመልከትህ በፊት ስምህን መለወጥ ትችላለህ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን መንጃ ፈቃዱ፣ ባንኩ፣ የሥራ ቦታው ሁሉ አብሮ ስለሚለወጥ ሌላ አራት አምስት ወር ጨምርበት» አለችኝ። የአባቴ ልብ አራት አምስት ወር ትጠብቀኝ አትጠብቀኝ ምን አውቄ! «ይቅር» አልኳት። አባቴን ቶሎ ለማየት ብዬ የአባቴን ስም ተውኩት። ያን ቀን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም፤ አሁን ነው ጥርት ብሎ የሚታየኝ።

የእንግሊዝ ዜግነት መሐላው ቀን ግራጫ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። አንገታቸው ላይ ትልቅ ሰንሰለት ያጠለቁ ሹም ጨበጡኝ፣ የንግሥቲቱ ፎቶ ሥር አቁመው ፎቶ አነሱኝ፣ ኬክ በሻይ አበሉኝ። ብሔራዊ መዝሙሩን አልቻልኩትም፤ ከጎኔ የቆመች ናይጄሪያዊት ስትዘምር አፌን አብሬ አንቀሳቀስኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺ የምስክር ወረቀት ዜጋ ነህ ትላለች እንጂ አውሮፕላን አታሳፍርም። ፓስፖርት ለማውጣት ደግሞ፣ የመጀመሪያህ ስለሆነ ቀርበህ ትጠየቃለህ ተባልኩ። የጠየቀችኝ ሴት ትሁት ነበረች። የአባትህ ስም ማነው፣ የት ተወለደ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ትለኛለች። እኔ የመኮንንን ሕይወት አንድ በአንድ ተረኩላት፤ የተወለደበትን መንደር፣ የሠራበትን ሆቴል። አንድም አልተሳሳትኩም። ስወጣ ላብ ሸሚዜን አጥቦት ነበር። አባቴ ከባሕር ማዶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ፣ እኔ እዚህ ሌላ አባት ስቆጥር ዋልኩ እያልኩ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፓስፖርቱ በመጣ በአስረኛው ቀን ሎስ አንጀለስ ገባሁ። ሶስና ከአየር ማረፊያ ድራይቭ አድርጋ ስትወስደኝ መንገድ ሙሉ አለቀሰች፣ መሀል መሀሉን ትጸልያለች፣ ሌላ መኪና ሲገባባት ደግሞ ትሳደባለች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ከረባት፣ ባርኔጣ፤ ከሥር ሶስና ግሌንዴል ሄዳ የገዛችለት ነጭ ስኒከር። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየኝና «ወፈርክ» አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ከዚያ ደግፈን አስቀመጥነው።

በማግስቱ «እስቲ ፓስፖርትህን አሳየኝ» አለ። ሻንጣ ውስጥ ነው አልኩት። ደግሞ ጠየቀ፤ ሻንጣው ተቆልፏል አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሶስና ራሷ አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። እጁን በመሐረብ ጠረገ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ገለጠው። አርባ ዓመት ወረቀት ያነበበ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ያየው ወረቀቱን ነው። «ጥሩ ሥራ ነው። ፎቶው ከወረቀቱ ጋር ነው የታተመው፤ ማንም አይፍቀውም» አለ። ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ስሙ ጋ ሲደርስ ቆመ። የፈረንጅ ፊደል ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ፤ ቀስ ብሎ አነበበው።

«አባባ፣ ልለውጠው አስቤ ነበር፤ ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩ።

እጁን አነሳና አስቆመኝ። «መኮንን ደግ ሰው ነበር» አለ። ፓስፖርቱን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ቀጥሎም «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ፊት አባባ እንዳትለኝ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«እዚህ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው ያለ። አንዱ ቀንቶ፣ ሌላው ተጣልቶህ፣ የሱ አባትማ ወልደየስ ነው ብሎ ለእንግሊዞቹ ቢጽፍብህ ምን ትሆናለህ? በአንድ ወሬ የስንቱ ፋይል ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ በለኝ። አንቱ በለኝ።»

«አባባ ደግሞ!» አለች ሶስና። «ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፣ ሁ ኬርስ? ማን ሰምቶህ?»

«አንቺ ዝም በይ። አሜሪካ ጆሮ የለውም ያለሽ ማነው?»

ተቆጥቶ ይሁን ሰግቶልኝ፣ ተቀይሞኝ ይሁን አዝኖልኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሁሉም ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ መጀመሪያ እፎይ ነው ያልኩት። ስላልሰደበኝ፣ ስላላለቀሰ እፎይ አልኩ። ማፈር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም።

አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ፌርፋክስ ይወርድ ነበር። የሚያመላልሰው ሰይድ የሚባል ታክሲ ነጂ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሽማግሌ የሚወድ። የመጀመሪያ ቀን እኔን ሲያይ «ጋሼ ወልደየስ፣ ልጅዎ መጣ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ቀበቶውን እያሰረ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «የለም፤ የወዳጄ የመኮንን ልጅ ነው። ለንደን ከልጄ ጋር ነው የሚኖሩት» አለው።

«ማሻአላህ! ሶ ልጅዎስ መቼ ነው?»

«ይመጣል። ወረቀቱን እየጨረሰ ነው።»

ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ። አባቴ መንገድ ሙሉ ስለ ልጁ አወራ። ልጄ ለንደን ቀይ አውቶቡስ ይነዳል፣ ፈተናውን በአንዴ ነው ያለፈ አለ። ሕፃን ሆኖ ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ገብቶ ያለቅስ ነበር፣ አንጀቱ ስስ ነው አለ። እናቱ ስትሞት ቀብር ባይደርስም፣ ስልክ ላይ ድምፁን ሰምቼ ሰው መሆኑን አወቅኩ አለ። አባቴ በሕይወቱ ፊት ለፊት አመስግኖኝ አያውቅም፤ በእነሱ ትውልድ ዘንድ ልጅን ፊቱ ማመስገን ማበላሸት ነው። እኔም የተመሰገንኩት በዚያ ታክሲ ውስጥ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ተቀምጬ ነው። ሰይድ በመስታወቱ አየኝና «አንተስ ምን ትሠራለህ ወንድሜ?» አለኝ። «እኔም እዚያው ነኝ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። ቤት ውስጥ አንተ፣ ደጅ ላይ አንቱ። ጠዋት ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ፣ ጀርባውን አሽለታለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ምግብ ቤት ገብተን «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» እለዋለሁ። አንድ ቀን ኦሎምፒክ ጎዳና የትራፊክ መብራቱ ጋ ሳያይ ሊሻገር ሲል መኪና መጣበትና «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። የጎዳናው ሐበሻ ሁሉ ዞረ። አባቴ ግን ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር ተሻገረና ሻይ ቤቱ በር ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች «የወዳጄ ልጅ ነው፣ አክብሮኝ ነው» አላቸው። «የተባረከ ልጅ ነው» አሉት። አሁን ያ ሻይ ቤት የስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አልቀዋል። ባለፍኩ ቁጥር ግን ያቺ «አባባ» ያልኩባት የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ እግሬ ይከብደኛል።

የምመለስ ቀን ሶስና ሥራ ስለነበረች አየር ማረፊያ ያደረሰን ሰይድ ነው። ስለዚህ አባቴን የተሰናበትኩት ሰይድ እያየ ነው። ሻንጣዬን አወረደልኝና አጠገባችን ቆመ፤ ፓርክ ማድረግ ስለማይቻል ይቸኩላል። አባቴን ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል ክንዴን ይዞ ቀና አደረገኝ። ጨበጠኝ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየዋለሁ።

«ለልጄ ሰላም በልልኝ» አለኝ። «ደኅና ነኝ፣ አይቸኩል፣ ወረቀቱን በደንብ ይጨርስ በለው።»

«እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ» አልኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ አስራ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

በዓመቱ አንድ ጊዜ ተመልሼ አየሁት፤ ያን ጊዜ ከቤት አይወጣም ነበርና ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ እንደ ልቤ አባባ ስል ሰነበትኩ። ደግሞ በዓመቱ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ለንደን ያሉ አራት ጓደኞቼ ነጠላ ለብሰው በሬን አንኳኩ። ሳይናገሩ ገባኝ። በዚያው ፓስፖርት ለቀብር መጣሁ። አውሮፕላን ላይ ሆኜ ወሰንኩ፤ በቃ፣ የመጣው ይምጣ፣ ሰው ፊት ቆሜ ልጁ ነኝ እላለሁ ብዬ ማልኩ።

የቀብሩ ዕለት የሶስና የቸርች ሰዎችም፣ የፌርፋክስ ሽማግሌዎችም፣ ታክሲ ነጂዎቹም መጥተው ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያነበበች ሶስና ናት። ወረቀቱን አባቴ ራሱ ሳይሞት ተናግሮ አስጽፏታል፤ ወንዱን ልጅ በስም እንዳትጠራም አስምሏታል። «የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ» ብላ አነበበች፤ ድምጿ እዚያ ላይ ተሰበረ። እኔ ከኋላ፣ ወንበር ካላገኙት ጋር ቆሜያለሁ። ሰው ወደ ሶስና እየሄደ ያጽናናታል፤ በእኔ በኩል ሲያልፍ ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል። ሰይድ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ወደ እኔ መጣና አቀፈኝ።

«ልጃቸውስ?» አለኝ፣ ዙሪያውን በዓይኑ እየፈለገ። «የታለ? አልመጣም?»

አፌን ከፈትኩ። ሶስና ከሰው መሀል ሆና እያየችኝ ነበር። በዓይኗ በል፣ በል ትለኛለች።

«ይመጣል ይመጣል ሲሉ እኮ ነው ያለቁት» አለ ሰይድ። «ወላሂ፣ መኪና ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ምን ዓይነት ወረቀት ነው የማያልቅ? እኔ ብሆን በእግሬም እመጣ ነበር። አባት እኮ ነው!»

«አዎ» አልኩት። «አልደረሰም።»

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «አንተ ባዳው እንኳ መጣህ። አላህ ይስጥህ ወንድሜ» አለኝና ሶስናን ሊያጽናና አልፎኝ ሄደ።